ደጃፌ ላይ የነበረው መጅ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነበር፤ እኔ ደግሞ የሰባ አራት ዓመት ሰው። ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ ባለች መንደር እኖራለሁ። ስሜ ምስጋናው ነው፤ አያ ምስጋናው ይሉኛል። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ይህችን ለመጻፍ በዓመቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ፈጅቶብኛል። ፊደሉን መምህርት የሺ አቃንታልኛለች። ቃሉን ግን እንዳትነኪው ብያታለሁ።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ያላየሁትን የማላምን፣ አንዴ ያልኩትን የማልመልስ ሰው ነበርኩ። ጎረቤቴ አያ ፈንታ «ምስጋናውን ከተቀመጠበት የሚያነሣው ሬሳ አውጪ ብቻ ነው» ይለኛል፤ ሐሰት አይደለም። ባለቤቴ ታደሉ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ወንዱ ልጄ ሳውዲ፣ ሴቷ ባሕር ዳር ናቸው። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ዕቃዎቼ ነበርን።

ከዕቃዎቼ አንዱ መጅ ነው። ሴቶች እህል ሲፈጩ በሁለት እጅ ይዘው ወፍጮው ላይ የሚያመላልሱት ድንጋይ ማለቴ ነው። ቀይ ነው፤ ወገቡ ላይ እንደ መቀነት የዞረ ነጭ መስመር አለው። አባቴ ጨው ነጋዴ ነበር። አሞሌ በበቅሎ እየጫነ ከቆላ ወደ ደጋ ሲመላለስ ኖሮ ነው የሞተው። መጁ የመጣው ከእሱ ቤት ነው። ታደሉ በተጋባን ሰሞን አንድ ቀን ብቻ ፈጨችበትና «ይሄ ድንጋይ የእኔን እጅ አይወድም» ብላ አስቀመጠችው። እኔም መዝጊያው በነፋስ እንዳይላተም ደገፍኩበት። ሃምሳ ዓመት ያህል እዚያው ኖረ።

የሺ የሰቆጣ ልጅ ናት። በየመንደሩ እየዞረች ሽማግሌና አሮጊት የሚነግራትን ታሪክ በደብተር ትጽፍ ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ስትል ኖራለች። ጦርነቱ ሲመጣ የጀሪካን አናት ቆርጣ ደብተሮቹን ከተተችና፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ እናቷ ጓሮ ቀብራ ሸሸች። ስትመለስ ቤቱ ባዶውን ቀርቷል። ጀሪካኑ ግን ነበር።

እኛ መንደር የመጣችው አሁን ከምነግራችሁ ቀን ሁለት ዓመት ቀደም ብላ፣ በመኸር ነው። የምናወራው በኽምጣኛ ነበር፤ እሷም ቋንቋችንን ከእናቷ ታውቀዋለች። አያ ፈንታ ስለ አንድ ነብር ሲነግራት ዋለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አያ ምስጋናው፣ እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«አንድ ታሪክ አያጡም መቼም።»

አያ ፈንታ ሳቀ። «ተይው ልጄ። ይህ ሰው ሚስቱን እንኳ ያጨው በአንድ ቃል ነው።»

እሱ ዝም ቢል ኖሮ እኔም የለኝም ብዬ እገላገል ነበር። አሁን ግን የለኝም ማለት አቃተኝ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን መጁ ላይ አሳርፌ፣ ዋሸኋት።

የዋሸሁት ይህን ነው። በአንድ ክፉ ቀን አንድ ጨው ነጋዴ ኩርባ ማደሪያ ላይ አረፈ። አንዲት ሴት መጇን አቅፋ ከጎጆዋ ወጣች። «እህል በሌለበት ቤት መጅ ይጮኻል፤ እሱን እየሰማሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ውሰደው፤ ስታየው ታስታውሰኛለህ። ስትመለስ ከእህል ጋር ታመጣልኛለህ» አለችው። ነጋዴው በስምንተኛው ቀን እመለሳለሁ ብሎ ማለላት። በነጋዴው በቅሎ ጭነት ላይ አንድ ሕፃን ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ በግራ እጁ ቆሎ ይዟል። ሴትዮዋ እጁን ስታየው፣ ጨበጠው። ነጋዴው አልተመለሰም። ሴትዮዋም ወፍጮዋ አጠገብ እንደተቀመጠች ሞተች። ከዚያ ወዲያ ያ ወፍጮ መጅ ሳይኖረው ሲፈጭ ይሰማል።

«መጁ ምን ዓይነት ነበር?» አለች የሺ።

«ቀይ። ነጭ መቀነት ያለው» አልኩ። ከእግሬ ሥር እያየሁት ነዋ።

ኩርባ ማደሪያ የድሮ ጨው ነጋዴዎች ያርፉበት የነበረ ጭንጫ ነው፤ ከኛ መንደር የሦስት ሰዓት መንገድ ይሆናል። ስሙን እንጂ ቦታውን አላውቀውም ነበር። የመረጥኩት ሰው አይኖርበትም ሲባል ስለምሰማ ነው። ሰው ከሌለ ውሸት ነው ብሎ የሚነሣ የለም።

አንድ ነገር ግን ያኔም ገርሞኛል። እኔ ቀልድ እንኳ አስተካክዬ መናገር አልችልም። ያን ቀን አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ስጨርስ አያ ፈንታ አልሳቀም። «ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

«ከአባቴ» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት መሆኑ ነው።

ይህ ነገር ተረስቶ ሁለት ዓመት አለፈ። በአሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ የሺ እየሮጠች መጣች። መጽሐፏ ለሽልማት ታጭቷል። ሽልማቱ ሰቆጣ ላይ የተቋቋመ፣ የአካባቢውን ታሪክ ለያዙ መጻሕፍት የሚሰጥ ነው። ያሸነፉት ታትመው ለየትምህርት ቤቱ ይታደላሉ። ያላሸነፈው በጸሐፊው እጅ ካሉት ጥቂት ቅጂዎች አያልፍም።

«ለመጨረሻው ዙር አልፈናል» አለች። «የቀረው ንባቡ ብቻ ነው።»

«ምን ንባብ?»

ሕጉን ነገረችኝ። ዳኞቹ ከመጽሐፉ አንድ ታሪክ ይመርጣሉ። ታሪኩ ሆነ ወደተባለበት ቦታ ከጸሐፊውና ከነጋሪው ጋር ይሄዳሉ። እዚያ ለሚገኝ ሰው ጮክ ተብሎ ይነበባል። የቦታው ሰው «የእኛ ነው» ካለ መጽሐፉ ያልፋል። ነጋሪው ዋሽቶ ከተገኘ ግን የሚወድቀው ያ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ እንዳለ ይወድቃል።

«የመረጡት የቱን ነው?» አልኳት።

«የእርስዎን።»

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። ዓይኗን አየሁና አልቻልኩም። በመንገድ እነግራታለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መዝጊያዬን ዘግቼ ወጣሁ። ዳኞቹ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። አለቃቸው አቶ ደሴ የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ከዘራ የሚይዝ፣ ሲራመድ የሚያስብ ሰው።

«አባት፣ ቦታውን ያውቁታል?» አለኝ።

«ረግጬው አላውቅም።»

«ታሪኩን ላነበበው ግን ያዩት ነው የሚመስለው።»

«አፍ ነው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ደረቁን ወንዝ ተሻግረን መንገዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሁሉም ቆመው ሲማከሩ እኔ ወደ ግራ ሄድኩ። ለምን ወደ ግራ እንደሄድኩ አልጠየቁኝም፤ ያውቃል ብለው ተከተሉኝ። ሰባ አራት ዓመት የኖርኩበትን አገር ንፋስና ወፍ አውቃለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ወፍ አልነበረም። የሚሰማው የእግራችን ኮቴና የአቶ ደሴ ከዘራ ብቻ ነው።

አንድ ጠባብ በር የመሰለ ቦታ ደረስን፤ ከላይ ቋጥኝ ተንጠልጥሎበታል። ከሥሩ ሳልፍ ራሴን ዝቅ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

«ምን ሆኑ አባቴ?» አለች ሴቷ ዳኛ ከኋላዬ። እሷ ቀጥ ብላ ነው ያለፈችው።

ቀና ብዬ አየሁት። ቋጥኙ ከራሴ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። በእግሩ የሚሄድ ሰው አይነካውም። ጎንበስ የሚያስብለው በበቅሎ ጭነት ላይ የተቀመጠን ነው። ይህን ያሰብኩት እኔው ነኝ፤ ማሰቤን ግን አልወደድኩትም። 

የሺን ወደ ኋላ አስቀረኋት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«አውቄዋለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «መጽሐፉን አስነብበው ሰሙ አይደል? አንድ ነገር አስቀርቼብዎታለሁ።»

«ምን አስቀረሽ?»

«ሴትዮዋ ለነጋዴው መጨረሻ ላይ ያለችውን። ‹በቀኝህ መጁን፣ በግራህ እህሉን ይዘህ ና› ያለችውን። በኽምጣኛ ሲሆን ያምራል፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው አልጥም አለኝና ተውኩት። ደብተሩ ላይ ግን አለ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እንዲህ ማለቴን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። እሷ ለአንድ ዐረፍተ ነገር ይቅርታ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ሁሉም ውሸት ነው ብዬ እንዴት ልጀምር? መራመድ ቀጠልኩ።

ኩርባ ማደሪያ ስንደርስ አቶ ደሴ ቆመ። «ቀበሌው ሰው አይኖርበትም ብሎን ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። አያወሩም። ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ሁሉም ፊታቸውን እኛ ወደምንመጣበት አዙረዋል። ከፊት አንዲት ቆብ የደፉ መነኩሲት ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል።

አቶ ደሴ ሰላም ካለ በኋላ አንዱን ጎልማሳ «የምትኖሩት የት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ከገመገሙ ጀርባ አምስት ቤት ነን። በጦርነቱ ከመነኩሲቷ በቀር ሁላችንም ወጥተን አምና ነው የተመለስነው።»

«መምጣታችንን ማን ነገራችሁ?»

«እማሆይ ብርቄ ናቸው ውጡ ያሉን።»

«ለእሳቸውስ?»

ሰውዬው ወደ መነኩሲቷ አየ። «ወፍጮው» አለ።

ከመካከላችን የሳቀ የለም። እማሆይ ብርቄ በኽምጣኛ ተናገሩ፤ የሺ ለዳኞቹ ወደ አማርኛ መለሰችላቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሲፈጭ እሰማው ነበር» አሉ። «ሁለት ዓመት ሆነው ዝም ካለ። በመኸር ነው ዝም ያለው። አንድ ሰው አፉን ከፍቷል አልኩ። ዛሬ ማለዳ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ፈጨና አቆመ። ውጡ፣ እንግዳ አለ አልኳቸው።»

የሺ የመጨረሻዋን ቃል ተርጉማ ወደ እኔ ዞረች። ሁለት ዓመት፣ በመኸር። እሷም ቆጥራዋለች።

መጽሐፉን ገለጠችና ማንበብ ጀመረች። ነጋዴው አረፈ። ሴትዮዋ መጇን አቅፋ ወጣች። እህል በሌለበት ቤት መጅ ይጮኻል አለች። ውሰደው፣ ስትመለስ ከእህል ጋር ታመጣልኛለህ አለች። እማሆይ ብርቄ አማርኛ እምብዛም አይሰሙም፤ ጎልማሳው በጆሯቸው እየተረጎመላቸው ነው። የሺ ወደሚቀጥለው መስመር ልታልፍ ስትል እማሆይ እጃቸውን አነሡ።

«ዘለልሽ» አሉ።

«ምን ዘለልኩ እማሆይ?»

«በቀኝህ መጁን፣ በግራህ እህሉን ይዘህ ና።»

ያሉት በኽምጣኛ ነው። እኔ ደጃፌ ላይ በተናገርኩባቸው ቃላት፤ አንድም ሳይጎድል። መጽሐፉ ላይ የሌለ፣ ከአንድ ደብተር በቀር የትም ያልተጻፈ። የሺ መጽሐፉን ዝቅ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን እናቴ ስትለው ሰምቻለሁ» አሉ እማሆይ። «ስድስት ዓመቴ ነበር። ከጎጆው ሆኜ በስንጥቁ አያለሁ። እሷ ከሞተች በኋላ የጎረቤት ሴት አሳደገችኝ። ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ሰው ምን ያደርግልኛል ብዬ።» ከዚያ አንድ በአንድ አዩን፤ ዳኞቹን፣ የሺን፣ እኔን። «መጁ የት ነው?»

የሆንኩትን ሳልደብቅ ልጻፍ። ፈራሁ። ሞት አይደለም የፈራሁት፤ እሱን ለምጄዋለሁ። የፈራሁት በውስጤ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔ አፍ ሲናገር እንደነበረ ስለተሰማኝ ነው። ከዚያ ለማምለጥ ያገኘሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ታሪኩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

የሺ «አያ ምስጋናው!» አለች።

አቶ ደሴ ብዕሩን አወጣ። ፊቱ ክፉ አልነበረም፤ አዝኗል። «አባት፣ ያሉትን ከጻፍኩት መጽሐፉ ወደቀ። ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ልጻፈው?»

ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት ይህንኑ ልናገር ነበር። ያኔ እውነት ነበር። አሁን ግን ያው ቃል ከአፌ ሲወጣ ውሸት ሆኖ ተሰማኝ። ይህን አይቼ እንኳ አልመለስኩም። አንዴ ያልኩትን አልመልስም፤ እንደዚያ ነበርኩ። «ጻፍ» አልኩት።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ እማሆይ ብርቄ ብድግ አሉ። በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከእኔ ይልቅ ፈጥነው ነው የተነሡት። አጠገቤ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ፈጥረኸው ከሆነ ና፣ ወፍጮውን እይ» አሉ። «እሱን አልፈጠርከውም።»

ከቁልቋሉ ጀርባ የፈረሰ ጎጆ ክብ አለ፤ ድንጋዩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። መሐሉ ላይ ወፍጮው መደቡ ላይ ተቀምጧል። ዙሪያው ሣር በቅሎበታል፤ ወፍጮው ግን አቧራ እንኳ የለበትም። ይጠርጉታል። ቀይ ነው። ነጭ መስመር ከታችኛው ጠርዝ ይነሣና ወደ ላይ ሄዶ ጫፉ ላይ ይቆማል። በቢላ የተቆረጠ ይመስል ድንገት ነው የሚቆመው።

እጄን አኖርኩበት። ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ውሎ ቀዝቃዛ ነው።

ያኔ መጣ። ከጭኔ ሥር ያለው የአሞሌ ሻካራነት። የበቅሎዋ ላብ ሽታ። የአባቴ ጀርባ፣ ዕቃ አጎንብሶ ሲያሥር። ከታች ወደ ላይ የሚያየኝ የሴት ፊት፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው የምታየው። እኔም ጨበጥኩት። አራት ዓመቴ ይሁን አምስት አላውቅም። ቆሎው መዳፌን ሲወጋኝ ግን አውቃለሁ።

«ነጩ መስመር የሚቀጥለው የት ነው?» አሉኝ እማሆይ።

«ደጃፌ ላይ» አልኩ።

እማሆይ ወደ ግራ እጄ አዩ።

«በቅሎዋ ላይ የነበርከው አንተ ነህ?»

«ነኝ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይባልም።»

«ነኝ።»

ክንዴን ለቀቁት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አቶ ደሴ ጉሮሮውን ጠርጎ «እማሆይ፣ እንግዲህ ታሪኩ የእኛ ነው ይላሉ? እንዲህ ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«መጁ ሳይመጣ አልመልስልህም» አሉ። «ወረቀትህን አጥፈህ ያዝ።»

ዳኞቹ እስከ ነገ ቀትር እዚያው ቀበሌ ሊቆዩ ተስማሙ። እኔና የሺ ተመለስን። በዚያ ቋጥኝ ሥር ስናልፍ ጎንበስ አላልኩም፤ ሆን ብዬ ነው። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ የሺ እንዲህ አለችኝ።

«አያ ምስጋናው፣ የዋሹኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው ወይስ ዛሬ?»

«ዛሬ» አልኳት።

«እንዲያ ከሆነ አልተቀየምኩም።»

ቤቴ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አያ ፈንታ ከአጥሩ ማዶ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። መዝጊያዬ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠዋት ስወጣ መጁን ከደፉ ውስጥ ትቼ፣ መዝጊያውን ከውጭ ስቤ ነው የዘጋሁት። አሁን መጁ ከደፉ ወዲህ ወጥቶ፣ ውጭ አፈር ላይ ተቀምጧል።

«ማን ነካው?» አልኩ።

«ምኑን?»

«መጁን።»

«ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አለ አያ ፈንታ። «ከዶሮህ በቀር ደጅህን የረገጠ የለም።» ፊቴን አየና ገመዱን አስቀመጠ። «ምን ሆነሃል አንተ?»

ነገርኩት። ሁሉንም። ለየሺ ስለ ነብር ሲነግራት ከዋለበት ቀን ጀምሮ። ሲያሾፍብኝ የኖረ ሰው አንድም ቃል አላሾፈም።

አሁን እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሽማግሌው አረጀ፣ ጃጀ ትሉ ይሆናል። በሉ። እኔም ሌላ ሰው ቢጽፈው እንዲሁ ነበር የምለው። ወፍጮ ብቻውን ይፈጫል ብላችሁ እመኑ አልላችሁም። እኔ በጆሮዬ አልሰማሁትም። መጁን ከቤት ማን እንዳወጣውም አላውቅም። የማውቀውን ብቻ ነው የጻፍኩት።

አባቴ ለምን እንዳልተመለሰም አላውቅም። ለልጆቼ አያታችሁ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነበር እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው። በቅሎዋ ሞታበት ይሆናል፤ በሌላ መንገድ ሄዶ ይሆናል፤ አፍሮም ይሆናል። መጁን ግን አልጣለውም። እስኪሞት ቤቱ ውስጥ አቆየው። ይህን ሳስብ አንዳንድ ቀን አዝንለታለሁ፣ አንዳንድ ቀን እናደድበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነበር ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለ ራሴም እንዲሁ። ያልኩትን አልመልስም እያልኩ ስኮራ የኖርኩበትን ነገር ያን ቀን ከወፍጮው ፊት አየሁት፤ የተጨበጠ የሕፃን እጅ ነው የሚመስለው። አሁን ተሳስቻለሁ ማለት ተምሬያለሁ። አያ ፈንታ «ከታመምክ ንገረኝ» እስኪለኝ ድረስ።

መጽሐፉ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ስለ ንብ ነው፤ ጥሩ ነው አሉ፣ አላነበብኩትም። ሁለቱም ታትመው በየትምህርት ቤቱ አሉ። የሺ የዘለለችውን መስመር አሁን አግብታዋለች።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ከአባት የመጣ፣ ለምን እንደተቀመጠ የማታውቁት ዕቃ ካለ፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልቁ ጠይቁ። በሩን ብቻ እያስደገፋችሁበት አትኑሩ።

ከኩርባ ማደሪያ በተመለስኩ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ መጁን በነጠላ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አኖርኩት። አያ ፈንታ ላግዝህ ቢለኝ እንቢ አልኩ፤ ገብስ ቆሎ ስጠኝ ብቻ አልኩት። ከቤቱ አመጣልኝ። ያንን መንገድ ለመሄድ ከትናንቱ እጥፍ ፈጀብኝ። ኩርባ ማደሪያ ስደርስ ሰዎቹም፣ ዳኞቹም፣ ቀድማኝ የሄደችው የሺም ወፍጮው ዙሪያ ቆመዋል። መጁን አውርጄ በቀኝ ክንዴ ታቀፍኩት። በግራ እጄ ከኪሴ ቆሎውን ዘገንኩ። እማሆይ ብርቄ መጀመሪያ መጁን ተቀበሉኝና ወፍጮው ላይ አስቀመጡት። ወደ ላይ ገፋ አደረጉት። ነጩ መስመር ከነጩ መስመር ጋር ገጠመ። ሳይዞሩ ለአቶ ደሴ «የእኛ ነው ብለህ ጻፍ» አሉት።

ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። የእኔ እጅ አልከፈት አለኝ። በቀኝ እጄ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው። ቆሎው በላብ ርሶ መዳፌ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ ለቀሙት።